ዜማ የተረፈበት አንገት

እንቅርት በዚያ አገር ነውር አይደለም። ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ አንገቷ ላይ እንቅርት የሌለባት ባልቴት ካገኛችሁ መጥታችሁ ንገሩኝ። ስለዚህ መሪጌታ ተረፈ አንገት ላይ አንዲት እብጠት ብቅ ስትል ማንም አልደነገጠም። መጀመሪያ ሽምብራ ታህል ነበር። ኋላ ባቄላ አከለች። ኋላማ ከማተባቸው ሥር ገፍታ ወጣችና ሲያዜሙ ከፍ ዝቅ ስትል ከሩቅ ትታይ ጀመር። ተማሪዎቻቸውም፣ መቼስ የተማሪ ነገር፣ ቀልድ አወጡላት። "ዜማው የኔታን ሞልቷቸው ተረፈ፤ የተረፈውም አንገታቸው ላይ ተቀመጠ" አሉ። የሰውየው ስም ተረፈ መሆኑ ለቀልዱ ቅቤ ሆነለት። መሪጌታ ሰምተው ይቆጣሉ ሲባል ጭራሽ ደስ አላቸው። ሰንበቴ ላይ ጠላ ቀመስ ሲያደርጉ እብጠቷን በሁለት ጣታቸው ይዘው "ይቺ የአራራይ ጎተራ ናት" እያሉ ያስቁ ነበር።

ሚስታቸው ወርቅዬ ቀልዱን መጀመሪያ የሰማች ዕለት ስቃለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልሳቀችም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ጥምጣማቸውን ፈትተው ከጉልበቷ ሥር ይቀመጣሉ፣ እሷም ራሳቸውን ቅቤ ትቀባቸዋለች። በሰው ፊት "አንቱ" ትላቸዋለች፣ የመሪጌታ ሚስት ናትና። በሩ ሲዘጋ ግን "አንተ" ነው።

"የቦጋለች እንቅርት ሲነኩት እንደ ሊጥ ነው" አለቻቸው አንድ እሑድ፣ ጣቷ ከማጅራታቸው ወደ ጉሮሯቸው ወርዶ። ቦጋለች የቅርብ ጎረቤታቸው ናት፤ እንቅርቷም ከነጠላዋ በላይ የሚታይ ነው። "ያንተ ምነው እንደ ጠጠር ደረቀ?"

"የቦጋለች የያዘው ወሬ ነው፤ ወሬ ለስላሳ ነው። የኔ ዜማ ነው።"

"ቀልድ። ቀልድ አንተ!" አለችና ራሳቸውን በጥፊ መታ አደረገቻቸው። ራሳቸው ላይ ደግሞ ጸጉር እዚህም እዚያም ስለሆነ ጥፊው ጮኸ፤ ሁለቱም ሳቁ።

የጸጉሩም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። መሪጌታ ልጅ ሳሉ፣ ደበሎ ለብሰው ፊደል በሚቆጥሩበት ዘመን፣ ቆረቆር ራሳቸውን ወርሶት ነበር። ጣሊያን በወጣ ማግስት አጎታቸው ከተማ ይወስዷቸዋል። እዚያ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከአንድ ትልቅ ብረት ሥር አስቀምጦ "እንዳትነቃነቅ" አላቸው። እሳትም አላዩ፣ መርፌም አልነካቸው። ትንሽ ሰንብቶ ግን ጸጉራቸው እንደ ገለባ ረገፈ፣ ቆረቆሩም አብሮት ሄደ። ጸጉሩ ሲመለስ ሳስቶ ቀረ እንጂ በሽታው ዳግመኛ አልመጣም። ይህን ታሪክ መሪጌታ ያላወሩበት ዝክር፣ ያልተናገሩበት ሰንበቴ የለም። "ዓይን የማያየው ብርሃን ገባብኝ" ይላሉ። "እኔ እኮ በብርሃን የታከምኩ ሰው ነኝ! ዜማውም የተገለጠልኝ ከዚያ ወዲህ ነው።" ወርቅዬ ከመስማቷ ብዛት አብራቸው ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

እንግዲህ በስድሳ አምስት ክረምቱ ሳይገባ ወጣ። በስድሳ ስድስት ረሃቡ ከቆላው ወደ ደጋው ወጣ። የዜማ ተማሪ የሚኖረው ሰው ደጅ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በሚያገኘው ቁራሽ ነው፤ ያ ሰው ራሱ ቁራሽ ሲያጣ ተማሪው ምን ይብላ? አንዳንዱ ወደ እናቱ ተመለሰ፣ እናቱ ካለች። የቀሩትን መሪጌታ ከራሳቸው አፍ እየነጠቁ ያዟቸው። ወርቅዬ ደግሞ ከሳቸው አፍ እንዳይነጥቁ ከሷ አፍ ትነጥቅላቸው ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሁለቱም እንደማያውቁ ይሆናሉ።

ጉባኤው የሚዘረጋው ከቤቱ ጓሮ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ በተሠራ ዳስ ነው። መሪጌታ ከግድግዳው ውጭ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይመራሉ፣ ተማሪ ይቀበላል። ከግድግዳው ውስጥ ወርቅዬ እንዝርቷን እያሾረች ትፈትላለች። ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ልጅ እግዜር አልሰጣቸውም፤ በዚያ ቤት የሚያለቅሰውም የሚስቀውም ዜማ ነበር።

አንድ ረፋድ መሪጌታ አንድ ከባድ ዜማ ሲመሩ ድምፃቸው ሽቅብ ሊወጣ ሲል ተሰነጠቀ። ሳሉና እንደገና ጀመሩ። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቀረ። ውስጥ ደግሞ ወርቅዬ እጇ ክሩን ሲስብ አፏ የቀረውን ዜማ ቀጠለው። ለራሷ ያህል ነበር፣ ቀስ ብላ፤ ግን የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ነውና ወጣ።

"ማነው?" አሉ መሪጌታ።

ወርቅዬ ደነገጠች፤ እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ሴት ልጅ ዜማ! "ግድግዳው ነው!" አለች።

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ በጠኔ ዘመን እንዲያ ተስቆ አያውቅም። መሪጌታ ገብተው ከደፉ ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው የተቆጣ ለመምሰል እየታገለ ነው። "ግድግዳዬ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያዜመው?"

"ቤት ሲያረጅ ያፏጫል" አለች ወርቅዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ግድግዳዬ" ስሟ ሆነ። ስንት ታውቂያለሽ ብለው ግን አልጠየቋትም፤ እሷም አልተናገረች። የድምፃቸውን መሰንጠቅ ደግሞ ሰው ሁሉ "ጠኔው ነው፣ እህል ሲገኝ ይመለሳል" አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው፤ ረሃቡ ሳያንስ ድምፅ ማጣት።

በግንቦት መካነ ሰላም ላይ የእርዳታ እህል መጣ፣ ሐኪምም አብሮ መጣ ተባለ። መሪጌታና ወርቅዬ የቀሩትን ተማሪዎች ይዘው ወረዱ። ትልቁ ተማሪ ኃይለ ማርያም፣ ጺም ያወጣና ለመመረቅ ጥቂት የቀረው ሰው፣ ደካሞቹን እየደገፈ ያመጣቸዋል። ከድንኳኑ ሥር ዶክተር ብዙነህ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሐኪም ተቀምጧል። ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ ግን ሰው ያከብራል፣ ለሽማግሌ ብድግ ይላል። የተማሪዎቹን ራስ ገልጦ ሲያይ ግማሾቹ ላይ ቆረቆር አገኘ።

"ይሄ ቀላል ነው የኔታ፣ ክኒን እሰጣቸዋለሁ" አለ።

"ክኒን!" አሉ መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ ምቹ አጋጣሚ መቼ ይገኛልና። "ልጄ፣ ቆረቆርን ከኔ ጠይቅ። እኔ እኮ በብርሃን የታከምኩ ሰው ነኝ።" ብለው ታሪኩን ከሥሩ ጀመሩት፤ አጎታቸውን፣ ፈረንጁን፣ ብረቱን፣ የጸጉሩን መርገፍ። ወርቅዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትከተል የሐኪሙን ፊት አየች። መሪጌታ ሲያወሩ ሰው ይስቃል ወይ ይደነቃል፤ ይህ ሰውዬ ግን አልሳቀም፣ አልተደነቀምም። ዓይኑም ከራሳቸው ወርዶ አንገታቸው ላይ ቆመ።

"ያኔ ልጅ ነበሩ?"

"ጥርሴን ጥዬ ሌላ ያበቀልኩበት ዘመን ነው።"

"ይቅርታ የኔታ፣ አንገትዎን ልንካው።" ነካ። ውኃ አስመጥቶ "ይዋጡ" አለ፣ ሲውጡም እብጠቷን ይዟት ነበር። "ድምፅዎ እንዲህ ከሆነ ቆየ?"

"ጠኔው ነው እንጂ..."

"ከጥምቀት ጀምሮ ነው" አለች ወርቅዬ። "ጠኔ አይደለም። እብጠቲቱም ጠጠር ናት። እኔ ነኝ የማውቃት፣ ለኔ ንገሩኝ።"

ዶክተሩ በርጩማውን ወደ ሁለቱም አስጠጋ። "ያ ብርሃን ራጅ ነው የኔታ። አጥንት የሚያሳየው ጨረር አለ አይደል፣ እሱ ነው። ያኔ ቆረቆር በሱ ይታከም ነበር። ያከሙዎት ሰዎችም በቅንነት ነው፤ ክፋቱን ማንም አያውቅም ነበር። አሁን አሁን ግን ሐኪሞች አንድ ነገር እየደረሱበት ነው። በልጅነታቸው ራሳቸው ላይ ጨረር የገባባቸው ሰዎች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚች አንገት ላይ ያለችውን ዕጢ ነቀርሳ ሲይዝባቸው ከሌላው ሰው ይልቅ በዛ ብሎ ተገኝቷል። ራስ ላይ የተተኮሰው አንገትንም ይነካል፤ የልጅ ዕጢ ደግሞ ስስ ነው።"

"የጎረቤታችንስ?" አለች ወርቅዬ። "የቦጋለችስ? አገሩስ በሙሉ?"

"የነሱ ከጨው ነው የሚመጣው። በጨዋችሁ ውስጥ መኖር ያለበት አንድ ነገር ጎድሎ ነው። ያ ይለሰልሳል፣ ይሰፋል፣ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ይቺ ግን ደረቅ ናት፤ ድምፃቸውንም ይዛለች። ራጅ የታከመ ሁሉ ይታመማል አልልም። የሳቸውም ከዚያ ነው ብዬ አልምልም። ግን እፈራለሁ። ደሴ ሄደው መውጣት አለባት፣ ሳይቆይ።"

መሪጌታ ጥምጣማቸውን ቀስ ብለው ጠመጠሙ። "ስትወጣ ድምፄስ?"

ዶክተሩ ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። "የድምፅ ጅማት በዕጢዋ ጀርባ ነው የሚያልፈው። እብጠቷ አቅፋው ከሆነ ድምፅዎ ሊቀር ይችላል።"

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አሉና ተነሡ።

አቀበቱን ወደ ቤት ተያያዙት። ተማሪዎቹ እህሉን ተሸክመው ቀድመዋል። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆሙና "ወርቄ" አሉ። "ያን ሁሉ ዘመን ተነሥቼ ያወራሁት ብርሃን... ያን ሁሉ ሰንበቴ..." አልጨረሱትም። እሷም አልሳቀችም፣ አላጽናናችም፤ እጃቸውን ብቻ ያዘች። በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የመሪጌታን እጅ! የሚያይ ሰው አልነበረም እንጂ ወሬው እስከ አጅባር ይደርስ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ዘንድሮስ ዘነበ፣ እግዜር ይመስገን። መሪጌታ ግን ወይ ፍንክች። የደሴ ነገር ሲነሣ ዝናቡን ያመካኛሉ፣ ወንዙን ያመካኛሉ፣ ጾሙን ያመካኛሉ። ቦጋለች ደግሞ መጥታ ቁጭ ትልና "ኧረ ወዲያ! አንገት ለቢላዋ ይሰጣል እንዴ? እኔ ይኸው ተሸክሜው እኖር የለ? በጥቁር ንቅሳት ቢያስወቅሩት ይሟሽሻል" ትላለች።

"ሰማሽ?" ይላሉ መሪጌታ፣ የቦጋለችን ምክር ሰምተው የማያውቁት ሰው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ትላለች ወርቅዬ።

በፍልሰታ ማኅሌት ቆመው ሳሉ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ መሐል ጥሏቸው ሄደ። ኃይለ ማርያም ፈጥኖ ከአፋቸው ተቀብሎ ቀጠለው፤ ሕዝቡም ልብ ያላለ መሰለ። እሳቸው ግን ቤት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

"ወርቄ፣ ድምፅ የሌለው መሪጌታ ምንድን ነው?" አሉ። የቀረችው ድምፃቸው ጎርናና ናት። "ምላስ የሌለው ደወል ነው። በሬ የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ እግዜር የሰጠኝ ድምፄን ብቻ ነው። ከነድምፄ ልሙት።"

ወርቅዬ እንዝርቷን ወረወረችው። "ከነድምፅህ ሙት! መልካም! ቀብርህ ላይ አንተው ታዜማለህ? ለማን ነው የምታስቀምጠው፣ ለምስጥ?"

"ወርቄ..."

"ዝም በል፣ ዛሬ እኔ ነኝ መሪዋ። በድምፅህ ያገባሁህ መስሎህ ነው? እኔ ስገባ ዜማን ከቀረርቶ አልለይም ነበር። በአባቴ ትእዛዝ ነው ያገባሁህ!" መሪጌታ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር። "የወደድኩህ ኋላ ነው። ያ ንዳድ ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ፣ እንስራ በጫንቃህ ተሸክመህ ከምንጭ ስትመጣ፣ 'መሪጌታ ውኃ ቀዳ' ብሎ አገር ሲስቅብህ፣ አንተ ግን እንስራውን አውርደህ 'ጠጪ' ስትለኝ፤ ያኔ ነው የወደድኩህ። ያን ያለው ድምፅህ አይደለም፣ አንተ ነህ። አንተ ከሌለህ ማን ወርቄ ይለኛል?"

"ድምፄስ ከሄደ በምን እልሻለሁ?"

"በሹክሹክታ በለኝ። እሰማለሁ። ካልሰማሁ ጠጠር ወርውርብኝ።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ኋላ "ጀብሪል በቅሎውን ያውሰን ይሆን?" አሉ።

ወርቅዬ ነጠላዋን ደርባ ሮጠች።

ጀብሪል ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ከመሪጌታ ጋር በልጅነት አብሮ የዋኘ ሰው ነው። ጳጉሜ ላይ በቅሎውን ጭኖ ራሱ እየጎተተ መጣ። "አብሽሩ መሪጌታ!" አላቸው። "መስጊዱ ሁሉ ዱዓ አድርጎልዎታል። በድምፅዎ የተጠቀሙት እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ? እኔ ለሱብሒ ሶላት ማርፈዴን የማውቀው እርስዎ ሲያዜሙ ነው።" እህል አራግፎ የሚመለሰው የእርዳታ ካሚዮን ከቆመበት ድረስ ሸኛቸው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስም ፊቱን ወደ በቅሎው አዞረ፣ እንባውን እንዳያዩበት።

ደሴ ሆስፒታል፣ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ መሪጌታን በአልጋ ሊወስዷቸው መጡ። ማተባቸውን ከአንገታቸው መፍታት ግድ ነው ተባለ። መሪጌታ ራሳቸው ፈቱትና በወርቅዬ እጅ አሰሩት። ከዚያ ጎንበስ በይ አሏት። ከቀረችው ድምፃቸው ሁሉንም አሰባስበው፣ ጥርት አድርገው፣ በጆሮዋ "ወርቄ" አሏት። "ይቺን ያዢልኝ" አሉ። በሩ ተዘጋ።

ወርቅዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ሽቅብ ወጣች። በድንገት ከግቢው ጩኸት ተነሣ፤ ሰው ከየክፍሉ ይሮጣል፤ "አበቃ! አበቃ!" የሚል ሰማች። ወለሉ ላይ ተዘረፈጠችና ደረቷን መድቃት ጀመረች። አንዲት ነርስ ሮጣ መጥታ አነሣቻት።

"እናቴ፣ ምን ሆኑ?"

"አበቃ አሉ! ባሌ!"

"ኧረ ንጉሡ ናቸው! በሬዲዮ ተነገረ፣ ከዙፋን ወረዱ!"

"ባሌስ?"

"የቱ? መሪጌታው? ወጥተዋል፣ ተኝተዋል፣ ትንፋሻቸው ደህና ነው።"

ወርቅዬ እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታ በእልልታ ላይ! ከግቢው የተሰበሰበው ጎረምሳ ዘወር ብሎ ሲያያት የደስታው ተካፋይ መሰለችው፤ አንዱ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሣ "ኢትዮጵያ ትቅደም!" አላት። "አሜን፣ ትቅደም" አለች ወርቅዬ፤ ያን ሰዓት ምን ቢሏትም አሜን ትል ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ከቀናት በኋላ ጠርቶ እውነቱን ነገራቸው። ነቀርሳ ነበረች። ወጥታለች፤ ሌላ ቦታ የሄደ ነገር አላየም። የድምፁን ጅማት ግን አቅፋው ስለነበር ሊያድነው አልቻለም። ከእንግዲህ በየቀኑ አንዲት ክኒን ይውጣሉ፣ በየጊዜውም እየመጡ ይታያሉ። መሪጌታ አንገታቸው እንደታሸገ ሰሙ። ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።

መንደር ሲገቡ ቦጋለች ከሩቅ "ወርቅዬ! መሪጌታስ?" ብላ ጮኸች።

"ተረፈ!" አለች ወርቅዬ።

"ስሙንማ አውቃለሁ፣ ጤናቸውን ነው የጠየቅኩሽ!"

"እኮ ተረፈ አልኩሽ!" አለች ወርቅዬ። ጀብሪል ሊቀበላቸው ባመጣው በቅሎ ላይ መሪጌታ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ አልባ ሳቅ ነበር።

መትረፉስ መትረፍ ነው። መኖሩ ግን ሌላ ነው። መሪጌታ ዳሱ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ልክ ያሳያሉ፣ እጃቸውን ሽቅብ ቁልቁል ያደርጋሉ። ድሮ የተማሩትን ለማስከለስ ይህ ይበቃል። አዲስ ዜማ ግን በእጅ አይሰጥም። በታኅሣሥ ዘማች ተማሪዎች ከከተማ መጥተው መካነ ሰላም ላይ ሰፈሩ፤ ዘመን ተለውጧል አሉ። ከዜማ ተማሪዎቹ አንዱ ከነሱ ጋር ሄደ፤ ጥቂቶቹ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። መሪጌታ የሄዱትን ሁሉ መርቀው ሸኙ። ወደ ቤት ሲገቡ ግን ወርቅዬ የምትሰማው ሹክሹክታ እንኳ ቀነሰ። ክኒኗን ስትሰጣቸው ይውጣሉ፤ ለማን ብለው እንደሚውጡ የጠፋቸው ይመስላሉ።

በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ ኃይለ ማርያም የቀሩትን ይዞ መጣ። አኮፋዳቸውን አንግተዋል። "የኔታ" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። "የቀረኝ ጥቂት ነበር። ለመመረቅ ሌላ ጉባኤ መግባት ግድ ሆነብኝ። ይባርኩን።"

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በመቋሚያቸው ምልክት ሰጡ፤ ከመሄድህ በፊት አንድ በልልኝ ማለታቸው ነው። ኃይለ ማርያም የጀመረው ያን ከባዱን ዜማ ነበር። ጥሩ አለው፣ አማረበት። ከዚያች ሽቅብ ከምትወጣዋ ቦታ ሲደርስ ግን ሳታት። መሪጌታ መሬቱን መቱ። ደገመ፤ ደግሞ ሳታት። ሦስተኛ ሲስት መሪጌታ ሊያሳዩት ተነሡ፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ የአንገታቸው ጠባሳ ተወጠረ፣ ምንም አልወጣም። እንደተነሡ ቆመው ቀሩ።

ከግድግዳው ውስጥ ወርቅዬ እጇን በአፏ ላይ ጭናለች። ዜማው ግን ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ያን ሁሉ ዘመን የፈተለችው ጥጥ ብቻ አልነበረም፤ ከግዕዙ እስከ ዕዝሉ፣ ከዕዝሉ እስከ አራራዩ፣ ከሳቸው አፍ የወጣ አንድም ነገር መሬት አልወደቀባትም። ግን ሴት ናት። በጉባኤ ፊት፣ በተማሪ ፊት፣ ባሏን ላሳፍር?

ኳ ኳ አለ ግድግዳው። በመቋሚያ ነው።

ጆሮዋን አስጠጋች። ከስንጥቁ ሹክሹክታቸው መጣ፦ "ወርቄ። ያስያዝኩሽን መልሺልኝ።"

ወርቅዬ እጇን ከአፏ አነሣች። ያቺን ሽቅብ የምትወጣዋን ቦታ ያዘችና ወጣች፤ ሳትሰነጠቅ፣ ሳትቸኩል፣ እሳቸው እንደሚሄዱባት አድርጋ፣ ከላይ ደርሳ አረፈችና በቀስታ ወረደች። ስትጨርስ ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ማነው?" አለ ከውጭ ኃይለ ማርያም።

መሪጌታ ተረፈ ቀና አሉ። ሹክሹክታቸውን ሁሉም ሰማው፣ እንዲያ ጸጥ ብሎ ነበርና። "ግድግዳው ነው" አሉ። "ተቀበል።"

ኃይለ ማርያም ወደ መምህሩ አየ፤ ወደ ግድግዳው አየ። አኮፋዳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሌሎቹም አስቀመጡ። ከዚያ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ለጭቃው።

"የኔታ ግድግዳ" አለ፣ "አልያዝኩትም፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።"

ወርቅዬም ደገሙለት።